ባቄላ፣ ቦሎቄና ፎሶሊያ በግቢና በጀሪካን፦ ከደሴ እስከ ቆቦ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ ወሬ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 አካባቢ ወርዷል። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ለሰው ይህ ጋቢ የመደረብ ያለመደረብ ነገር ነው። ለባቄላና ለቦሎቄ ግን አበባው ፍሬ መያዝ አለመያዙን ይወስናል።

«ግቢዬ ውስጥ ሞክሬ አልሆነልኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አፈሩን ያማል። ካልሆነም ዘር የሸጠለትን ነጋዴ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደዘራና መቼ እንደዘራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ይገኛል። ስለዚህ አካፋና ጀሪካን ከማንሳታችን በፊት ከቦታው እንጀምር።

የቱ ዘር ለየትኛው አገር

ባቄላ ብርድ ወዳድ ነው። ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ይስማማዋል። ደሴ፣ ቦሩ ሜዳ፣ ኩታበር፣ ወረኢሉ፣ ደላንታ የባቄላ አገር ናቸው። ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ አበባውን ያራግፋል። ኮምቦልቻና ወልዲያ ላይ ክረምቱን ጠብቃችሁ ብትዘሩት ይሆናል። ቆቦና ባቲ ላይ ግን ባትደክሙ ይሻላል።

ቦሎቄና ፎሶሊያ በዘር አንድ ናቸው። አንዱን ለደረቅ ፍሬው፣ ሌላውን ለለጋ ዛላው እናመርተዋለን እንጂ ጠባያቸው ያው ነው። ከ1,200 እስከ 2,200 ሜትር ይወዳሉ። ሀይቅ፣ መርሳ፣ ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አፈሩ ከ12 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ዘሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል። ውርጭ ከነካቸው በአንድ ሌሊት ያልቃሉ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ ደግሞ እነሱም አበባ ይጥላሉ።

ደሴ ላይ ፎሶሊያ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። በዕቃ ተዘርቶ፣ ፀሐይ የምታርፍበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ፣ በሞቃቱ ወር ይሆናል። የዕቃ ጥቅሙም ይኼው ነው። እርሻን አንስተህ ከብርድ ማሸሽ አትችልም፣ ጀሪካንን ግን ትችላለህ።

ቀጥሎ የምትመርጡት ቁመቱን ነው። አጭሩ ዓይነት ግማሽ ሜትር አካባቢ ደርሶ ይቆማል፤ ድጋፍ አይፈልግም፤ ዛላውን ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰጥቶ ይጨርሳል። ሐረጉ ሁለት ሜትር ድረስ ይወጣል። ዘግየት ብሎ ይጀምርና ለረጅም ሳምንታት ይለቀማል። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ሐረጉን እመክራለሁ። መሬቱ ጠቦ ሰማዩ ግን ነፃ ነውና። ነፋስ የሚመታው ሰገነት ላይ ለምትዘሩ አጭሩ ይሻላል።

ዘር መግዛት

ባቄላና ቦሎቄን ከገበያ ገዝቶ መዝራት ይቻላል። ለፎሶሊያ ግን የታሸገ ዘር የሚሸጥበት የአትክልት ዘር ሱቅ ብትሄዱ ይሻላል። ለምግብ የሚሸጠው ለጋ ዛላ ፍሬው ስላልበሰለ ለዘር አይሆንም። የታሸገው ዘር ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከተቀባ መድኃኒት አለበት። አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም፣ ከነካችሁት በኋላ እጅ ይታጠባል።

የተሻሻለ ቦሎቄ ካገኛችሁ መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ውስጥ አዋሽ 1 የምትባለው ትንሿ ነጭ ናት፤ ናስር ደግሞ ቀይዋ። በሰሜን ወሎ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማዕከልም አለ። ወልዲያና መርሳ አካባቢ የምትኖሩ ለአካባቢው የሚስማማውን ዝርያ በወረዳችሁ የግብርና ባለሙያ በኩል ጠይቁ።

ገበያ ላይ ስትገዙ ቀለሙን እዩ። ዘንድሮ የተወቃ ባቄላ ፈካ ያለ ነው። የከረመው ይጠቁራል፣ ቡናማ ይሆናል። ክብ ቀዳዳ ካያችሁበት ነቀዝ ወጥቶበታል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አንዲት እናት ፊት ቁጢጥ ብዬ «እማማ፣ የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?» ብላቸው፣ «ዓይንም ጥርስም አለሽ ልጄ፣ እይው፣ ንከሽው» አሉኝ። ልክ ናቸው። በደንብ የደረቀ ዘር ጥርስ አያስገባም፤ ይሰበራል እንጂ አይላሽቅም።

ቤት ስትደርሱ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ ስምንቱ ካጎነቆሉ ዘሩ ጥሩ ነው። ስድስት ከሆኑ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩ። ከዚያ ካነሱ ለንፍሮ አውሉት።

መቼ ይዘራል

ደጋ ላይ ባቄላ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ይገባል። ያኔ የተዘራው በጥቅምት እሸት ይሰጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደርቆ ይሰበሰባል። ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ አበባው ገና ሳለ ውርጭ ይደርስበታል። በልግ የሚዘንብበት ደጋም በየካቲትና በመጋቢት መዝራት ይቻላል። የወሎ በልግ ግን የሚያምኑት አይደለምና ውሃ በእጃችሁ ይኑር።

ወይና ደጋ ላይ ለደረቅ ቦሎቄ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጥሩ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ዛላው ይደርቃል፣ ያም ትልቅ ነገር ነው። ፎሶሊያ ግን ዝናብ አይጠብቅም፤ ውሃ ካጠጣችሁት ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ይዘራል። ኮምቦልቻ ላይ በጥር አጋማሽ የዘራ ሰው በመጋቢት፣ ዐቢይ ጾም መሃል፣ ከራሱ ግቢ ለቅሞ ከካሮት ጋር ይሠራል። በሰኔ መጀመሪያ የዘራ ደግሞ ለፍልሰታ ይደርስለታል።

ቆቦና ባቲ ላይ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት አበባ ያራግፋልና ከሐምሌ ዝናብ ጋር፣ ወይም በመስኖ ከጥቅምት ጀምሮ ዝሩ። ደሴ ላይ ፎሶሊያ የምትሞክሩ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ያዙ። ከጥቅምት በኋላ ደሴ ላይ ፎሶሊያ ውጪ መዝራት ዘር መድፋት ነው።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ቢጫው የ20 ሊትር ዘይት ጀሪካን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሁለት ዓይነት መቁረጥ ይቻላል። አቁማችሁ አናቱን ብትቆርጡት ጥልቀቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ለባቄላና ለሐረግ ቦሎቄ ይኼ ነው። አጋድማችሁ ሰፊውን ጎን ብትከፍቱት ጥልቀቱ ወደ 20 ሴንቲ ይወርዳል፤ ለአጭሩ ፎሶሊያ ይበቃል። የቀለም ባልዲ፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት ግማሽ ድረስ ተጠቅልሎ፣ ሁሉም ይሆናል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን በአመድ ቢታጠብ በፈላ ውሃ ቢቀቀል አይሆንም። ይቅር።

ሥሩን በጋለ ሚስማር ወይም ብረት አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳው ትንሽ ጣት የሚያስገባ ይሁን። ከውስጥ አሮጌ ወንፊት ወይም ስስ ጨርቅ አንጥፉበት። ብዙ ሰው ከሥር ጠጠር ይሞላል፤ ውሃ እንዲያሳልፍ ነው ይላል። አይረዳም። ጠጠሩ ቦታ ይወስዳል፣ ውሃውም ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ላይ ያቁራል። ይልቅ ጀሪካኑን ከመሬት አንስታችሁ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ቀዳዳው ይተነፍሳል።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ደሴ ላይ ጭጋጉ እስኪገለጥ ረፋዱ ስለሚያልፍ፣ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ፈልጉ። የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ቆቦ ላይ ደግሞ የምትሸሹት የከሰዓቱን ፀሐይ ነው። በስተምሥራቅ በኩል አስቀምጡ፣ ጀሪካኑንም በከረጢት ሸፍኑት፤ ፕላስቲኩ ሲግል ሥሩን ይቀቅለዋል።

አፈር

የወሎ ደጋ ጥቁር አፈር ለምነት አያንሰውም። ችግሩ ውሃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። የጃማ ገበሬ መደብና ቦይ እየሠራ ውሃውን የሚያንጠፈጥፈው ለዚህ ነው። ግቢ ውስጥም ያው ነው፦ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ከፍ አድርጉ፣ በጎንና በጎኑ ቦይ አውጡ።

ለጀሪካን ደግሞ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ቀላቅሉ። አፈራችሁ ቀላል ቀይ አፈር ከሆነ አሸዋውን ቀንሱት። እርጥቡን ድብልቅ በእጃችሁ ጨብጡና ልቀቁት። ጠብቆ ከቀረ አሸዋ ጎድሎታል። ጭራሽ ካልያያዘ ኮምፖስት ጎድሎታል። ተያይዞ በጣት ሲነካ ከፈረሰ በቃ፣ ደርሷል።

እበት ከተጠቀማችሁ ሦስት ወር የከረመና ሽታው የጠፋ ይሁን። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። የምድጃ አመድ ለአንድ ጀሪካን አንድ ጭብጥ ይበቃል። ከዚያ በላይ አመድ አፈሩን ያበላሻል። ዕቃውን ስትሞሉ ከአፉ ሦስት ሴንቲ አጉድሉ፤ ውሃ ስታጠጡ እንዳይፈስስባችሁ።

መዝራት

ቦሎቄና ፎሶሊያን አትዘፍዝፉ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ያደረ ፍሬ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ባቄላ ጠንካራ ስለሆነ አንድ ሌሊት ቢዘፈዘፍ አይጎዳም፤ ግዴታ ግን አይደለም። ይልቅ አፈሩን ከመዝራታችሁ አንድ ቀን በፊት በደንብ አጠጡት።

ቦሎቄና ፎሶሊያ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ፣ ባቄላ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ይጠልቃሉ። የዘሩ ጠባሳ፣ ዓይኑ ማለቴ ነው፣ ወደ ታች ቢሆን ሥሩ አቅጣጫ ፍለጋ አይንከራተትም። ግቢ ውስጥ በፍሬና በፍሬ መካከል 10 ሴንቲ፣ በመስመርና በመስመር መካከል 40 ሴንቲ ይሁን። ለሐረጉ በፍሬዎቹ መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ስጡት። በቆመ ጀሪካን ሦስት ተክል፣ በተጋደመው አራት ወይም አምስት አጭር ተክል ይበቃል። «ቦታ አለ» ብላችሁ አሥር ብትዘሩ አሥሩም ይቀጭጫሉ። ሁለት ሁለት ፍሬ ከጨመራችሁና ሁሉም ከበቀለ ደካማውን በመቀስ ቁረጡት። ከነቀላችሁት የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል።

ከዘራችሁ በኋላ ቀለል አድርጋችሁ አጠጡና ተዉት። ላዩ ካልደረቀ ውሃ አትጨምሩ። ኮምቦልቻ ላይ ቦሎቄ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ደሴ ላይ ባቄላ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሆዳችሁ ተጨንቆ አትቆፍሩ።

አበቃቀላቸውን ልብ ብላችሁ እዩ። ቦሎቄ አንገቱን ደፍቶ፣ የተዘራውን ፍሬ ለሁለት ተከፍሎ እንደተሸከመ ከአፈር ይወጣል። ባቄላ ፍሬውን እዚያው አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። ይህ ልዩነት ሥራ ላይ ይገባል። ዶሮ የባቄላውን ቡቃያ ብትቀነጥሰው ከሥር ሌላ ያወጣል፤ ታገሡት። የቦሎቄው አናት ከተቀነጠሰ ግን አልቆለታልና ወዲያው ሌላ ዝሩበት። ከባድ ዝናብ ዘንቦ አፈሩ ላዩ ከደረቀ ያ የተደፋው የቦሎቄ አንገት ጋግርቱን ሲገፋ ይሰበራል። ከዘራችሁ በኋላ ላዩ ላይ አሸዋ ወይም የተበጠረ ኮምፖስት ስስ አድርጋችሁ በትኑበት። ዙሪያውን ደግሞ እሾህ ጣሉበት፤ ዶሮ ያላችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ድጋፍ

ለሐረጉ እንጨቱ በተዘራበት ቀን ይተከል። በኋላ ሲተከል ሥር ይወጋል። ሁለት ሜትር የሆነ ቀጭን የባሕር ዛፍ አጠና ወይም ሸምበቆ ሦስት አድርጋችሁ አናታቸውን በሲባጎ እሰሩ። ሐረጉ የሚጠመጠመው ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ልትረዱት ስትፈልጉ በዚያው አቅጣጫ አዙሩት። በግልባጩ ከጠመጠማችሁት እሱ ሲፈታ ያድራል። የተተከለ በቆሎ ካላችሁም በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ሥሩ ላይ ቦሎቄ መዝራት ይቻላል።

ባቄላ አይጠመጠምም፤ ራሱን ችሎ ይቆማል። ግንዱ ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ የጦሳ ተራራ ነፋስ ሲነሳ ይጋደማል። በአራቱ ማዕዘን እንጨት ተክላችሁ በጉልበት ቁመት ሲባጎ አዙሩበት። ከታች ያሉት አበቦች ዛላ መያዝ ሲጀምሩ የተክሉን አናት ወደ 10 ሴንቲ ቀንጥሱት። ጉልበቱን ወደ ፍሬ ያዞራል፣ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ የሚወደውም ያ ለጋ አናት ነው። የተቀነጠሰው ንጹሕ ከሆነ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል።

ውሃ

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ። እርጥበት ካለ አታጠጡ። በበጋ ፀሐይ ላይ ያለ የ20 ሊትር ጀሪካን በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ይጠጣል። ደመናማ ቀን ምንም ላይፈልግ ይችላል። ጧት አጠጡ፤ አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አታርሱ። ውሃ ጭራሽ መጓደል የሌለበት አበባ ሲያወጣና ዛላ ሲይዝ ነው። በክረምት ደሴ ላይ ፈተናው የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ ሲበዛ ጀሪካኑን ወደ በረንዳ አስገቡት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሃይላንድ ይረዳል። ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ በሱ፣ ቂጡን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ አፈሩ ውስጥ እስከ አንገቱ ቅበሩ፣ በተቆረጠው በኩል ሙሉበት። ቀስ እያለ ሥሩ ጋ ይንጠባጠባል። የአትክልትና የጥራጥሬ እጣቢ ውሃ ይሆናል። የልብስ እጣቢ አይሆንም።

ማዳበሪያ፣ ወይም ከመጨመር መቆጠብ

ሰው ቅጠሉ ፈዘዝ ሲልበት ዩሪያ ይበትናል። ተክሉ አረንጓዴ ጫካ ይሆናል፣ ዛላ ግን የለም። ባቄላም ቦሎቄም ናይትሮጅናቸውን ሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ይወስዳሉ። ዩሪያ ሲያገኙ ያንን ሥራ ያቆማሉ። ኮምፖስት የገባበት ጀሪካን ምንም አይፈልግም። የግቢ መሬታችሁ የደከመ ከሆነ ኤንፒኤስ በካሬ ሜትር 10 ግራም ገደማ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በመስመሩ ጎን ዘሩን ሳይነካ ይቀበር።

ባክቴሪያው መሥራት አለመሥራቱን ማየት ይቻላል። አበባ ሲጀምር አንዱን ተክል መሥዋዕት አድርጉ። ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ሥሩን ቀስ ብላችሁ እጠቡ። በሥሩ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ እባጮች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀለሙ የሚመጣው በደማችን ውስጥ ካለው ቀይ ነገር ጋር በጣም ከሚቀራረብ፣ ብረት ካለበት ንጥረ ነገር ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። እባጩ በጣት ሲነካ የማይላቀቅ፣ ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ጥቃቅን የሥር ትል ነው፤ ያንን አፈር ለጥራጥሬ አትድገሙት።

እባጭ ከሌለ ዐምና ያው ሰብል ጤነኛ ሆኖ ከበቀለበት መሬት አንድ ሁለት እፍኝ አፈር አምጥታችሁ ቀላቅሉ። ያው ሰብል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የባቄላ ባክቴሪያ ለቦሎቄ አይሠራም። ከባቄላ ማሳ የመጣ አፈር ፎሶሊያችሁን አይጠቅመውም።

የሚያጠቋቸው ነገሮች

ክሽክሽ ከሁሉ ይቀድማል። ባቄላ ላይ ጥቁር ሆኖ አናቱን ይወርሰዋል። ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡ፤ እዚያ ነው። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቁት ወይም አናቱን ቀንጥሱ። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ። በአራት አምስት ቀን ድገሙት። ፀሐይ ላይ አትርጩ፣ ቅጠል ያቃጥላል።

የቦሎቄ ዝንብ ይበልጥ ተንኮለኛ ናት። ትንሽ ጥቁር ዝንብ ናት፤ ገና በሁለት ቅጠሉ ሳለ ቅጠሉ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ትሉ በግንዱ ውስጥ ወርዶ አፈሩ ጋ ያለውን የግንዱን ክፍል ከውስጥ ይበላል። ቡቃያው ቢጫ ይሆናል፣ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል። ግንዱን አፈሩ ጋ እዩት፦ አብጦ ተሰንጥቆ ከሆነ እሷ ናት። ክፉኛ የተጎዳውን ነቅላችሁ አቃጥሉ። ለተረፈው አፈር አስታቅፉ፤ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር አውጥቶ ሊተርፍ ይችላል። ዝናብ እንደጀመረ ቶሎ የተዘራ ቦሎቄ ከዘገየው ይልቅ ከእሷ ያመልጣል።

ደጋ ላይ በነሐሴና በመስከረም ጭጋግ የባቄላ ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። እርጥበቱ ከቀጠለ ነጠብጣቡ ተያይዞ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። መድኃኒቱ አየር ነው። ጠቅጠቅ ብሎ የተዘራውን አሳሱ፣ የታመመውን ቅጠል አንሱ።

ቆርምድ የሚባለው ደግሞ ካለፉት አሥር ከምናምን ዓመታት ወዲህ የሰሜን ሸዋንና የወሎን ደጋ ባቄላ ያስለቀሰ በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ አረንጓዴ እብጠት ያወጣል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ እብጠቱ በኋላ ይቦድናል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። በአፈርና በተረፈ ምርት ይተላለፋል። የታመመውን ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት። የጀሪካኑን አፈር ለባቄላ አትድገሙ። ከዚያ ተክል ዘር አታስቀሩ።

ዋግ ቅጠሉን በጣት ስታሹት ቀይ ቡናማ ዱቄት ይተዋል። ቅጠሉን ለቅማችሁ አስወግዱ፣ ማታ አታጠጡ። ቅጠሉ አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉር ሆኖ ከተጨማደደ ቫይረስ ነው፣ አይድንም፤ ነቅላችሁ ጣሉ። ቀንድ አውጣን ማታ በባትሪ ልቀሙ።

ከሱቅ የሚገዛ ፀረ ተባይ በየሁለት ቀኑ ተለቅሞ ድስት በሚገባ ፎሶሊያ ላይ ባይረጭ እመርጣለሁ። ባቄላ ሲያብብ ደግሞ ጭራሽ። ባቄላ ንብ ሲጎበኘው ብዙ ዛላ ይይዛል። ፎቅ ላይ ንብ የማይደርስበት በረንዳ ላይ ከሆናችሁ ባቄላውን ትታችሁ ፎሶሊያ ዝሩ፤ እሱ ራሱን በራሱ ያዳቅላል።

መልቀም፣ ማድረቅና መቀቀል

ፎሶሊያ ኮምቦልቻ ላይ ከ50 እስከ 65 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ዛላውን ስትሰብሩት «ቀጭ» ካለና ፍሬው ከውጭ ጎልቶ ካልታየ ጊዜው ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ልቀሙ። ሁለት ያረጁ ዛላዎች ረስታችሁ ብትተዉ ተክሉ ዘር አፈራሁ ብሎ ማበቡን ያቆማል። በአንድ እጅ ግንዱን ያዙ፣ በሌላው ልቀሙ። ከአንድ ጀሪካን ሙሉ ድስት አትጠብቁ። ለአራት ሰው ቤት ስምንት ወይም አሥር ጀሪካን ሲኖር ነው ነገሩ ወጥ የሚሆነው።

የባቄላ እሸት ከታች ወደ ላይ ይለቀማል። አንዱን ፈልፍላችሁ የፍሬውን ዓይን እዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ልጣጩ ለስላሳ ነው፣ ብሉት። ከጠቆረ ልጣጩ ጠንክሯልና ለንፍሮ ወይም ለደረቅ ተዉት።

ለደረቅ ያሰባችሁትን ዛላው ተንኮሻክሾ ሲንኳኳ ሰብስቡ። ሸራ ላይ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ አሙቁት። ከዚያ የነቀዝ ጉዳይ ይመጣል። ነቀዝ እንቁላሉን ማሳ ላይ ሳለ ጥሎ ሊሆን ይችላልና ንጹሕ ይመስላል ብላችሁ አትዘናጉ። ባለ ሁለት ሊትር ደረቅ ሃይላንድ እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። አየር ሲያልቅበት ነቀዙ ይሞታል። ግማሽ የተሞላ ጠርሙስ አይሠራም። ለምግብ የሚቀመጠውን በአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ማሸትም ይረዳል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ በተለይ ልጆች ላሉበት ቤት። ባቄላ በእሸቱ ይበላል፤ ቦሎቄ ግን ጥሬውን አይበላም። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ሳይበስል ጥቂት ፍሬ እንኳ ክፉኛ ያስመልሳል። ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ እያንተከተከ አፍሉት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጥ ይንተክተክ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪበስል ተዉት። ከመጀመሪያው ደካማ ከሰል ላይ ጥዶ ቀስ ብሎ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም።

ምርቱ ሲያልቅ ጤነኛውን ተክል አትንቀሉ። ግንዱን አፈሩ ጋ ቁረጡትና ሥሩን እዚያው ተዉት፤ እባጮቹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበሰብስ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ጀሪካን ላይ ቆስጣ ወይም ጎመን ዝሩበት። ጥራጥሬ የሚመለስበት ሁለት ሌላ ሰብል ካለፈ በኋላ ነው።